አሥራ ሁለት ክሬዲት

ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1999

ቲቲ፣ ይባርኩኝ።

ከሩቅም ቢሆን፣ አክስቴ፣ እጅዎን ስሜ ነው የምጀምረው። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጣሪያውስ? የአውሎ ነፋሱ ማዕበል የበጠሰው የስልክ ሽቦ እስካሁን አለመቀጠሉ ይገርመኛል። አምስት ወር ሙሉ አድሁንታስ ተራራ ላይ መሰላል የሚያቆም ሰው ጠፋ? እስኪቀጠል ድረስ እንግዲህ በወረቀት መጨቃጨቃችን ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ አፍንጫዬን ሊቆርጠው ደርሷል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። የሠሩልኝን ሹራብ አላወልቅም። ሰው ቀለሙን አይቶ ይስቃል፣ እኔ ግን ይሞቀኛል። ከትምህርት በኋላ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፤ አሮጊቶቹ ግሎሪማርን ቆርጠው "ግሎሪያ" ይሉኛል፣ ማሩን ማን ይጨምርላቸው።

አንድ ነገር ላማክርዎ። በዚህ መንፈቅ አራት ትምህርት ይዣለሁ፣ አሥራ ሁለት ክሬዲት ማለት ነው። መንግሥት ድጎማውን ሙሉ የሚከፍልልኝ አሥራ ሁለት ስለያዝኩ ነው። ከአራቱ አንዱ አናቶሚ ነው፣ የሰው አካል ትምህርት። ነርስ ለመሆን ያለ እሱ አይሆንም። እሱ ግን እምቢ አለኝ። መምህሯ ስታወራ ለትንፋሽ እንኳ የማታቆም ናት። በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ አርባ አንድ አገኘሁ። ስለዚህ ባሃ ልጠይቅ አስቤያለሁ። የመጨረሻው ቀን ማርች 26 ነው። ያለ እርስዎ ፈቃድ ምንም አላደርግም፤ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእርስዎው
ግሎሪማር


አድሁንታስ፣ ፑዌርቶ ሪኮ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1999

ግሎሪማር፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልብም ይስጥሽ።

ባሃ? አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መነጽሬን ወልውዬ ሦስተኛ አነበብኩት። ያው ባሃ ነው! የሞንቼን ልጅ ከጦር ሠራዊቱ ባሃ ብለው ሲያባርሩት፣ ሻንጣውን ተሸክሞ ይቺን ዳገት ሲወጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ነበር። ይኸው ሃያ ዓመቱ፣ ዛሬም ስሙ "ባሃ" ነው። ሚስቱ እንኳ "የባሃ ሚስት" ነው የምትባለው። አንቺም እንደዚያ ሆነሽ ልትመጪልኝ ነው?

እህቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንቺን ስታስረክበኝ ገና አራት ዓመትሽ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የሴት ጡት መያዣ ሰፍቼ ነው ያሳደግኩሽ። እኔ የማላውቃትን አሜሪካዊት ሁሉ ደረት ደግፌ አንቺን ኮሌጅ አስገባሁ። አርባ አንድ አገኘሁ ብለሽ ኮሌጅ ጥለሽ ትመጪ? ፈተና ነው እንጂ ሰው ገደልሽ?

እኔ ሥጋዬም ነፍሴም ደህና ነው። ጣሪያው ላይ ግን ስምንት ቆርቆሮ ይቀራል፤ ከድጎማሽ ተርፎ በእጅሽ የሚሰጡሽ ነገር ካለ ላኪልኝ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በቼኦ ታክሲ ፖንሴ ከተማ ስለምወርድ ፖስታዬን ጎረቤት ነው የሚቀበልልኝ። ፖንሴ የቆርቆሮ ዋጋ ለመጠየቅ ነው።

ሁለተኛ ያን ቃል እንዳትጽፊልኝ።

ቲቲሽ ብሩኒልዳ


ስፕሪንግፊልድ
ማርች 10 ቀን 1999

ቲቲ፣ ይባርኩኝ።

መጀመሪያ ይሳቁ፣ ከዚያ በኋላ ይቆጡኛል። ባሃ ያልኩት ከአንድ ትምህርት ብቻ ነው፣ ከአናቶሚ! ከኮሌጁ አይደለም። እኛ አገር ሁሉም ነገር ባሃ ነው፤ ከጦር ሠራዊት ሲያባርሩም ባሃ፣ ከሆስፒታል ሲያስወጡም ባሃ፣ አንድ ትምህርት ሲጥሉም ባሃ። እዚህ ግን ቃሉም ወረቀቱም ሁለት ነው። ቢጫው አንድ ትምህርት መጣያ ነው፣ ሮዙ ጨርሶ ኮሌጅ መልቀቂያ። እኔ ያየሁት ቢጫውን ነው። እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ በዚህች ቃል ምክንያት ሁለት ሳምንት አለፈኝ።

አሁን የደበቅኩዎን ልንገርዎ፣ ከዚህ በላይ መያዝ አልችልም። ባለፈው መንፈቅም ሁለት ትምህርት ጥያለሁ። ማዕበሉ በመጣ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ፣ ሬዲዮ ላይ አፍጥጬ ክፍል ሳልገባ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ መድረስ አቃተኝና ሁለቱን ጣልኩ። ገንዘቡን ያን ጊዜ አልነኩብኝም። እኔም እንዳለፈልኝ ቆጠርኩት።

ትናንት ድጎማ ቢሮ ሄጄ ሚስተር ኮዋልስኪ የሚባለውን ሰው ጠየቅኩት። ራሰ በራ ነው፣ ሁልጊዜ ብስኩት ያኝካል፣ ክፉ ሰው ግን አይደለም። የተነጋገርነውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

"ከጀመርሽው ክሬዲት ከሦስት እጅ ሁለቱን መጨረስ አለብሽ" አለኝ። "ባለፈው አሥራ ሁለት ጀምረሽ ስድስት ጨረስሽ። አሁን አሥራ ሁለት ይዘሻል። ድምሩ ሃያ አራት፤ አሥራ ስድስት መጨረስ ነበረብሽ።"

"አናቶሚን ብጥለውስ?"

"አሥራ አምስት ይሆናል። አንድ ጎደለሽ፣ ድጎማው ይቆማል።"

"ይዤው ብወድቅስ?"

"ያው አሥራ አምስት ነው። ኤፍ ደግሞ አማካይ ውጤትሽንም ይዞት ይወርዳል፤ ነርሲንግ አያስገቡሽም።"

"ባልፍስ?"

"ብታልፊማ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?" አለና ብስኩቱን አቀረበልኝ። ወሰድኩለት፣ ምን ላድርግ።

ቲቲ፣ ገባዎት? ብጥለውም ብይዘውም ተያዝኩ። ማታ ማታ ጣቴን እየቆጠርኩ አሥራ አምስትን አሥራ ስድስት ለማድረግ እሞክራለሁ፣ እንደ ሕፃን። ድጎማው ከቆመ ለመጪው መንፈቅ መክፈል አልችልም፣ ኮሌጁ አለቀ ማለት ነው። ፈርቻለሁ። ልጣለው ወይስ ልያዘው? እርስዎ ከወሰኑልኝ እንቅልፍ ይወስደኛል። ከ26 በፊት ይጻፉልኝ።

ለቆርቆሮው ስድሳ ዶላር ልኬያለሁ። መጦሪያው ውስጥ ሰዓት ጨምሬያለሁ፣ አያስቡ።

ግሎሪማር


አድሁንታስ
ኤፕሪል 6 ቀን 1999

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ።

ደብዳቤሽን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ፖንሴ ጥቂት ቀን አድሬ ነበር፣ አንድ የድሮ የፋብሪካ ጓደኛዬ ቤት። 26 አለፈ አይደል? ይቅር በይኝ። ባሃ ያልሽው ስለገባኝ ለሰፈሩ ሰው አስረድቻለሁ፤ ለሞንቼ ልጅ ግን ስሙን የሚመልስለት የለም።

ማዕበሉ ጊዜ ስለ እኔ ብለሽ እንደተጎዳሽ ሳነብ ከፋኝ። አላውቅም ነበር።

ለቆርቆሮው ከእንግዲህ አትላኪ። ይልቅ ፎቶሽን ላኪልኝ፣ አሁን ያለሽውን። ፊትሽ ከስቶ እንደሆነ ላይ።

ብሩኒልዳ


ስፕሪንግፊልድ
ኤፕሪል 14 ቀን 1999

ቲቲ፣ ይባርኩኝ።

ፎቶው ይኸው። ካፖርቱ የራሴ አይደለም፣ ከጓደኛዬ ለፎቶ ተውሼ ነው።

ማርች 26 ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ የፖስታ ሳጥኔ አጠገብ ቆምኩ። ምንም አልመጣም። አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሮጬ ቢጫውን ወረቀት ፈረምኩ። አናቶሚን ጣልኩት። ሁለተኛው ፈተና ሠላሳ ስምንት ነበርና ይዤ መውደቅ የባሰ መስሎ ታየኝ። ፈርሜ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ አልቅሼ ነው ወደ ሥራ የሄድኩት።

አሁን አንድ መንገድ ቀርቷል። መንፈቁ ሲያልቅ ድጎማው መቆሙን ይጽፉልኛል፤ እስከ ጁን 1 ይግባኝ ማለት እችላለሁ። የይግባኙ ወረቀት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። አንደኛው፣ "ትምህርትሽን ያሰናከለ ከአቅምሽ በላይ የሆነ ምን ደረሰብሽ?" ይላል። ሁለተኛው፣ "ያ ችግር አሁን ተወግዷል ወይ? በምን?" ይላል። ለአንደኛው ማስረጃ ይፈልጋሉ። "ትምህርቱ ከበደኝ ማለት አይበቃም" አለኝ ሚስተር ኮዋልስኪ። "ማዕበሉን ለባለፈው መንፈቅ ይቀበሉሻል፣ የዘንድሮውን ግን ምን ትያቸዋለሽ? የቤተሰብ ሕመም ዓይነት ነገር የለም?"

እናም ቲቲ፣ አይቆጡኝ። እዚያ ጤና ጣቢያ የሚያውቁዋት ነርስ አለች። አክስቷ ታማ ነበር የምትል አንዲት ወረቀት ቢያጽፉልኝ። ትንሽ ሕመም ይበቃል፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት፣ የማይጎዳ ነገር። ማንም አይጎዳበትም፣ እኔ ግን እድናለሁ።

ግሎሪማር


አድሁንታስ
ኤፕሪል 29 ቀን 1999

ግሎሪማር፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ።

ፎቶሽን አየሁ። ከስተሻል። የሰው ካፖርት አያምርብሽም።

ስለ ወረቀቱ፦ አይሆንም። እኔ አልታመምኩም። በአፌ ሕመም አልጠራም፣ ለማንም ነርስ ሄጄ "በሽተኛ ነኝ በይኝ" ብዬ አልለምንም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፣ ይህንን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሲያመኝም እንኳ አሞኛል አላልኩም። አሁን ለአንድ ብስኩት በላተኛ ብዬ ልዋረድ? ሌላ ምክንያት ፈልጊ። የአስተማሪሽን ፍጥነት ጻፊባቸው።

ሐሙስ ነው፣ ቼኦ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ልሂድ።

ብሩኒልዳ

የመጨረሻው ቀን ጁን 1 ነው ያልሽው? ቁጥሩን አስተካክለሽ ጻፊልኝ።


ስፕሪንግፊልድ
ሜይ 11 ቀን 1999

ቲቲ፣

ደብዳቤው መጣ። ድጎማዬ ቆሟል። ሦስቱን ትምህርት በጥሩ ውጤት አልፌ፣ በአንድ ክሬዲት! አንድ!

አዎ፣ ጁን 1 ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? የአንዲት ወረቀት ክብርዎ ከእኔ በለጠብዎ። ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ፦ የአናቶሚ መጽሐፍ ገዝቼ አላውቅም። ገንዘቡን ቆርቆሮ ይግዙበት ብዬ ላክሁልዎ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን አንድ ቅጂ ሁለት ሁለት ሰዓት እየተዋስኩ፣ ከእኔ በኋላ የሚጠብቅ ሰው እያፈጠጠብኝ ነበር የማጠናው። ከዚያ "ስምንት ቆርቆሮ ይቀራል" ብለው ሲጽፉልኝ ሰዓት ጨመርኩ። እኔ የወደቅኩት በጣሪያዎ ነው። ይህንን ይወቁልኝ።

የአውሮፕላን ቲኬት ልገዛ ሦስት መቶ ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ጁን ላይ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ፋብሪካው ሰው ከፈለገ እሰፋለሁ፤ ባሃ ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም።

ግሎሪማር

ደብዳቤውን ካሸግኩ በኋላ አፈርኩ። መልሼ ከፍቼዋለሁ። ይባርኩኝ ቲቲ። የጻፍኩትን ግን አልሰረዝኩትም፣ እውነት ስለሆነ።


አድሁንታስ
ሜይ 20 ቀን 1999

ግሎሪማር ልጄ፣ እግዚአብሔር አንድ ሺህ ጊዜ ይባርክሽ።

ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት የዶክተሩ ነው፣ ማኅተሙን እይ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ነርሷን አልለመንኩም፣ ውሸትም የለበትም።

ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል። ከማዕበሉ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው የነገሩኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ፖንሴ ወርጄ፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተጋድሜ፣ ደሜን አውጥተው አጥበው ይመልሱልኛል። አንቺ እዚያ አንሶላ፣ እኔ እዚህ ደም፤ አጣቢ ቤተሰብ ሆነን ቀረን። ማርች ላይ ጓደኛዬ ቤት አደርኩ ያልኩሽ ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ደብዳቤሽ ትራሴ ሥር ሆኖ 26 ሲያልፍ ቆጥሬዋለሁ፤ እጄ ላይ መርፌ ስለነበር መጻፍ አልቻልኩም። ሰው ጠርቼ እንዳላስጽፍ ደግሞ ሆስፒታል መሆኔን ታውቂብኝ ነበር።

ቆርቆሮ ገዝቼ አላውቅም። ጣሪያው ላይ ያለው መንግሥት ያደለው ሰማያዊ ሸራ ነው። የላክሽልኝ ሁሉ ለቼኦ ታክሲ ነው የሄደው። ደረሰኝ ብትይኝ የለኝም፣ ቼኦ ደረሰኝ አይሰጥም። የመጽሐፍሽ ገንዘብ መሆኑን ባውቅ ኖሮ በእግሬ እወርድ ነበር። ይቅር በይኝ ብዬ አልጨርሰውም።

ለምን ደበቁኝ እንዳትይኝ። ብነግርሽ ሮዙን ወረቀት ፈርመሽ በማግስቱ እዚህ ነበርሽ። አውቅሻለሁ። ወረቀቱን ስትለምኚኝም እምቢ ያልኩት ከመዋሸት ፈርቼ አይደለም፣ እውነቱ እጅሽ እንዳይገባ ብዬ ነው። ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ድጎማሽን የሚያወጣልሽ ይህ ከሆነ እንግዲህ ይውጣ።

ትመጪ እንደሆነ በሩን አልከፍትልሽም። ማዕበሉ አጣሞታል፣ ያለዚያም አይከፈትም። እዚያው ሁኚ። እኔን ለማስታመም ነርስ ሞልቷል፤ የሚያስፈልገኝ አንቺ ነርስ ሆነሽ ማየት ነው። ዶክተሩን "ስንት ጊዜ ይቀረኛል?" ብዬ ስጠይቀው ጫማውን አየ። ጥሩ ጫማ ነው፣ አልፈርድበትም።

ሁለተኛውን ጥያቄ አስቤዋለሁ። "ችግሩ ተወግዷል ወይ?" ይላል አይደል? "በቅርቡ ይወገዳል" ብለሽ ጻፊ። "በምን?" ካሉሽ አክስቴ ራሷ ቃል ገብታለች በያቸው።

አትቆጪ፣ ቀልዴን ነው። ትንሽ ሳቂልኝ።

ቲቲሽ


ስፕሪንግፊልድ
ጁን 12 ቀን 1999

ቲቲ፣ ይባርኩኝ። አሁንም ይባርኩኝ።

አልሳቅኩም። ወረቀቱን መጦሪያው ምድር ቤት፣ ማሽኖቹ መሃል ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ስለ ጣሪያው ያን የጻፈው እጄ ምነው በተቆረጠ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ! በሳምንት ሦስት ቀን የቆርቆሮ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የት አለ? እንዴት አልገባኝም? ነርስ ልሆን ነው የምለው እኔ!

የዚያኑ ቀን ሮዙን ወረቀት ላነሳ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሚስተር ኮዋልስኪ የዶክተሩን ወረቀት አነበበ፤ ብስኩቱን አስቀመጠ። ከዚያ "ተቀመጪ፣ እንጻፈው" አለኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የነገሩኝን አልጻፍኩም። እጄ እምቢ አለ። "ሕክምናዋን በመደበኛነት ትከታተላለች፣ የሚያመላልሳት ሰው አለ" ብለን ጻፍን። ስለ ቼኦ ነው፣ ውሸት አይደለም።

ትናንት መልሱ መጣ። ድጎማዬን መልሰውልኛል።

ያለ ግዴታ ግን አልሰጡኝም። አናቶሚን በዚህ ክረምት ከራሴ ኪስ ከፍዬ ደግሜ እወስደዋለሁ፤ የቲኬቴ ሦስት መቶ ዶላር ለእሱ ገባ። ኦገስት 20 አልቆ በአሥረኛው ቀን መንፈቁ ይጀመራል። ከዚያ አሥራ ሁለት ክሬዲት ይዤ፣ አንድም ሳልጥል፣ "በምንም ምክንያት" ሳላቋርጥ መጨረስ አለብኝ። አንዱን ብጥል ለዘለቄታው ይቆማል። ፈርሜያለሁ።

"በምንም ምክንያት ሲሉ፣ የአክስቴ ሕመም ቢብስስ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እሱን ምክንያት አንድ ጊዜ ተጠቅመሽበታል" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። "ሁለተኛ አይቀበሉሽም።"

የቀረውን አልጠየቅኩትም። እርስዎም አይጠይቁኝ። አሁን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀን መቁጠሪያ ይዣለሁ። እዚያ እንዳልመጣ እዚህ አሰሩኝ፣ እዚህ እንዳልኖር ልቤ እዚያ ነው፣ የት ልግባ?

የመጨረሻው ፈተናዬ ዲሴምበር 17 ነው፣ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። ከፈተናው ክፍል በቀጥታ አውሮፕላን ማረፊያ እሄዳለሁ። ቲቲ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይቆዩልኝ።

ልጅዎ
ግሎሪማር